የስደት ድራማ ታይቶ ሲያልቅ ወሎ ውስጥ የሚነሱ ጥያቄዎች

ስለ ሰው ዝውውር የተሠራ ፊልም ታይቶ ባለቀ ቁጥር ቡና ላይ እየተመላለሱ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ሄጃለሁ።

ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር የሚባለው ምኑ ነው? ድንበር ከማሻገር በምን ይለያል?

ፊልሞቹ ሁለቱን ስለማይለዩ ሰው ቢምታታበት አይፈረድበትም። ማሻገር ማለት ደላላው ብር ተቀብሎ ያለ ሰነድ ድንበር ሲያሳልፍ ነው። ዝውውር ግን ዓላማው ሰውየውን መበዝበዝ ነው። በማታለል፣ በማስፈራራት፣ በዕዳ በመያዝ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ሰውን መልምሎ፣ አጓጉዞ ወይም ደብቆ ጉልበቱን ወይም ገላውን መነገጃ ማድረግ ነው። ድንበር መሻገር የግድ አይደለም። ከወረኢሉ ገጠር «አስተምራታለሁ» ተብላ አዲስ አበባ የገባች፣ ከዚያ ያለ ደሞዝ ቤት የተዘጋባት ልጅም የዝውውር ተጎጂ ናት።

ሁለቱም በአንድ ሕግ ይቀጣሉ፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይባላል። መንገድ ላይ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ከቤት ሲነሱ «አሻጋሪ» የተባለው ሰው ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ አጋች ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፊልም ላይ ደላላው ጥቁር መነጽር ያደረገ የማይታወቅ ሰው ነው። የእኛ አገሩስ?

የእኛው መነጽር የለውም። የአክስት ልጅ ነው፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ነው፣ ጎረቤት ናት፣ አንዳንዴም ራሷ ሳዑዲ ሠርታ የመጣች ሴት ናት። ቤት ይመጣል፣ ቦታ ይለቀቅለታል፣ አቦሉን ይጠጣል። ለእናትየው «የእንትና ልጅ እኮ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራችላት» ይላል። ስለ ብር በዚያ ቀን አያነሳም። ብሩ የሚነሳው ሌላ ቀን ነው፣ ያውም «ለእናንተ ስል ነው እንጂ» ተብሎ።

ከሁሉም የምፈራው «አሁን ምንም አትክፈል፣ ደርሰህ ትከፍላለህ» የሚለውን ነው። ብር የሌለው ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ደግ ሰው ያገኘ ይመስለዋል። ልጁ ግን መያዣ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ሒሳቡ የሚጠየቀው ደግሞ የመን ላይ ታስሮ ነው። ሰፈር ያለው ደላላ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ ሎጊያ ላይ ተቀባይ አለ፣ ጅቡቲ ጀልባ የሚጭን አለ፣ ወዲያ ማዶ የሚረከብ አለ። ስለዚህ «እኔ እዛ ስለሚሆነው አላውቅም» ሲል ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብሩን ግን ያውቀዋል።

መንገዱ እውነት እንደሚታየው ነው?

ብዙው እውነት ነው። ከወሎ የሚነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ይወርዳል፣ ሚሌና ሎጊያን አልፎ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ ታጁራና ኦቦክ፤ ኦቦክ ላይ ጀልባ ነው። ባሕሩ ባብ ኤል መንደብ ላይ በጣም ሲጠብ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ «ማዶው ይታያል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሰው ግን ተደራርቦ ይጫናል፣ አንዳንዴም አሻጋሪዎቹ ዳር ሳይደርሱ ውጡ ብለው ባሕር ውስጥ ያወርዱታል። መስከረም 2017 ጅቡቲ አቅራቢያ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የመን አብያን ዳርቻ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን አለቁ፤ ወሎ ውስጥ በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር የደነገጠ ቤት ስንቱ ነው።

ፊልሞቹ ብዙ ጊዜ የማያሳዩት የየመን ሰሜንን ነው። ሰዎቹ ባሕሩን ስለተሻገሩ ያለፈላቸው ይመስላቸዋል፣ ጦርነት ባለበት አገር በእግር የሳዑዲ ድንበር አጠገብ እስካለችው ሳዕዳ ድረስ መሄድ ግን ገና ይቀራል። የካቲት 2013 ሰንዓ ውስጥ የስደተኞች ማቆያ በእሳት ተያይዞ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፣ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ደላላው ይህን አይነግርህም፣ የሚነግርህ «ድንበሩን አልፈህ ሳዑዲ ጂዛን ከደረስክ በቃ» ብሎ ነው።

አግቶ ብር መጠየቁስ? ለድራማ የተጨመረ አይደለም?

አይደለም። እንዲያውም ፊልሙ ቀለል አድርጎታል። ስልክ ይመጣል፣ ልጁ ሲጮህ ያሰማሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው በጥሩ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተቀብሎ መጠኑን ይናገራል። ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በወለድ አግድ ያሲዛል፣ መስጊድና ቤተክርስቲያን ደጅ ቆሞ ይለምናል። ከፍሎም ልጁ የማይለቀቅበት፣ ለሌላ አጋች የሚተላለፍበት ጊዜ አለ።

እንዲህ ከገጠማችሁ «አትክፈሉ» ብዬ ለመፍረድ አቅሙ የለኝም፣ ልጁ የእናንተ ነው። ግን ብሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚሁ አገር ባለ የባንክ ሒሳብ ወይም እዚሁ ባለ ሐዋላ ነው። የሒሳቡን ቁጥር፣ ባለቤት ተብሎ የተጻፈውን ስም፣ የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት ጻፉ። ደረሰኙን አትጣሉ። የድምፅ መልእክት ከላኩ አታጥፉት። ለፖሊስም ለዓቃቤ ሕግም ከለቅሶ ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው። ልጁን ወደ ላከው ደላላ «አንተ አማልደን» ብሎ መሄድም አለ፤ አንዳንዱ ደላላ ከዚያ ብር ላይ ድርሻ እንዳለው አትርሱ።

በኮንትራት ከሄደችስ? ሕጋዊ ከሆነ ችግር የለውም አይደል?

ከባሕሩ መንገድ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም የተሻለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛዋ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፣ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፣ ቪዛውና የደርሶ መልስ ትኬቱ የአሠሪው ወጪ ነው። ፓስፖርትና የመሳሰለውን የራሷን ሰነድ እሷ ትከፍላለች። ስለዚህ «ለቪዛ ይህን ያህል አምጡ» ያለ ሰው ወይ ኤጀንሲ አይደለም ወይ ሌባ ነው። ፈቃድ ያለው መሆኑን የወረዳችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ፌስቡክ ላይ ባለ ማስታወቂያ አትተማመኑ።

ግን ሕጋዊ ሆኖ መሄድ እዚያ ከደረሱ በኋላ ያለውን ሁሉ አያስተካክልም። ካፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከከፊሏ፣ ማለትም ካስመጣት አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ማዳሟ ፓስፖርቷን ብትቀማት፣ ደሞዟን ብትይዝባት፣ እሷም ጠፍታ ብትወጣ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከአሠሪዋ የጠፋች ተብላ ትመዘገባለች፣ ከዚያ በኋላ በሕጋዊ መንገድ የገባችውም ሕገወጥ ትሆናለች። ሳዑዲ በ2013 ስለ ሥራ ቅያሪ ያወጣችው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። ይህን ያነሳሁት «በኮንትራት ነው የሄደችው፣ ምን ሆንኩ ልትል ነው» የሚል ወላጅ ስላየሁ ነው።

ፓስፖርቷ ላይ 23 ይላል፣ ልጅቱ ግን 15 ነች። ቤተሰብም ያስጠይቃል?

ያስጠይቃል። ሐሰተኛ የቀበሌ መታወቂያ ያወጣም ያስወጣም ተጠያቂ ነው። ስም መቀየሩም የተለመደ ነው፣ ሳዑዲ ለመግባት ሲባል ክርስቲያኗ የሙስሊም ስም ይዛ ትሄዳለች። ስትሞት ወይም ስትታሰር የሚጠራው ያ ስም ስለሆነ ቤተሰብ ፈልጎ አያገኛትም።

በሕጉ ደግሞ ልጅ ከሆነች ማታለልና ማስገደድ መኖሩ መረጋገጥ አያስፈልገውም። ለብዝበዛ መመልመሏ ብቻ በቂ ነው። «እሷው ነች የለመነችን» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት አይሠራም።

ወዳ ሄዳ ከሆነ እንዴት ተጎጂ ትባላለች?

ይህ ጥያቄ ፊልሙ አልቆ ክሬዲቱ ሳይወርድ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ከወንዶች። መልሱ አጭር ነው። የተስማማችው ለሥራ ነው። ለመደብደብ፣ ለመደፈር፣ ያለ ደሞዝ ለማገልገል አልተስማማችም። የተታለለ ሰው ፈቃድ ደግሞ በሕግ ፊት ፈቃድ አይባልም፣ ደላላውንም አያድነውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከወሎ ሰው የሚሄደው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። መሬቱ ጠቧል፣ ወንድማማች አንድ ጥማድ ተካፍሎ አይኖርም፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲደርስ ሱቁም ፋብሪካውም ተዘርፏል፣ ትምህርት ተቋርጧል። «ሞኝ ስለሆነች ነው» የሚል ፊልም ካያችሁ ጸሐፊው ሐይቅም መርሳም ወርዶ አያውቅም ማለት ነው።

ፊልሙ እናቷን ስታቅፍ ያልቃል። ከዚያ በኋላስ?

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው፣ እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። በሩ ተሰብሮ ስትወጣ ያሳዩናል፣ ቦሌ ስትደርስ ያሳዩናል፣ እልል ይባላል፣ ያልቃል። እውነተኛው ቤት ውስጥ ግን ልጅቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ የማዳሟ ሰዓት ገና ከሰውነቷ አልወጣማ። ቆማ ትበላለች። ለመታጠብ እናቷን ታስፈቅዳለች። በር ሲቆለፍ ትጮሃለች፣ ወይ ደግሞ ራሷ ሦስት ጊዜ ቆልፋ ትፈትሻለች። ጎረቤት ዳቦና ቡና ይዞ «እንኳን አላህ በሰላም መለሰሽ» ብሎ ይገባል፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ግን «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ይመጣል። ኅዳር 2006 ሳዑዲ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ሳምንታት ስትመልስ ብዙዎቹ የመጡት በለበሱት ልብስ ነበር፣ የተቀበላቸው ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው፦ ታሪኳን አታስቆፍሯት። መናገር ስትፈልግ ትናገራለች፣ ያኔም አንድ የምታምነው ሰው ይበቃል። «አብሽሪ» ማለት እኛ ጋ ቀላል ነው፣ ቃሉ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አያስተኛትም። ሐኪም ትይ። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የጀርባ ሕመም የተለመደ ነው፣ ምርመራው ግን እሷ ፈቅዳ፣ ውጤቱም ለእሷ ብቻ ተነግሮ መሆን አለበት። ከዚያ ትንንሽ ውሳኔ ይተውላት፤ ምን ልብላ፣ መቼ ልውጣ፣ ማን ይግባ። ለዓመታት የተቀማችው እሱን ነው። ሥራም በቶሎ ያስፈልጋል፣ ግን «የፀጉር ሥራ ሠልጥኚ» ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት መቋቋም አይባልም። መሥሪያ ቦታና መነሻ ብር ከሌለ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ጸበል ወይስ ሆስፒታል? ዱዓ ወይስ መድኃኒት?

ማን ምረጡ አላችሁ? እንቅልፍ ያጣች፣ ብቻዋን የምታወራ፣ መሞት እፈልጋለሁ የምትል ልጅ በፍጥነት ሐኪም ማየት አለባት። ደሴ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ ከባድ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ይላካል። ወዳጃ (ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት) ላይ ተቀምጣ ዱዓ ቢደረግላት፣ ጸበል ብትጠመቅ የሚከለክል የለም። ብዙዎቹ ልባቸው የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ሰው መሀል ስለሚያስቀምጣቸውም ይጠቅማል።

ሁለት ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ። የጀመረችውን መድኃኒት አታስቋርጧት። «ጂኒ ነው» ተብሎ ማሰርና መግረፍ ደግሞ የለም፤ ታስራ፣ ተገርፋ የመጣችን ልጅ እንደገና ማሰር ከሸሸችው ሥቃይ ውስጥ መልሶ መክተት ነው።

ልጅ ይዛ ከተመለሰችስ?

ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ከአባት ወይም ከእናት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው፣ የአባቱ ማንነት ባይታወቅም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ መብቱ ከሌላው እኩል ነው ይላል። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡት፣ ለክትባትም ለትምህርት ቤትም መነሻው እሱ ነው።

የሰፈሩን አፍ ግን አዋጅ አይዘጋውም። እዚህ ላይ የሚሠራው ቅሬ፣ የእኛው ዕድር ነው። የቅሬው ትልልቅ ሰዎች ልጁን በስሙ ከጠሩት፣ በዓል ላይ ከጋበዙት፣ «ዲቃላ» ያለውን ሰው ሰው ፊት ካሳፈሩት ነገሩ ቶሎ ይሞታል። ካልተናገሩ ግን እናትየዋ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ትጠፋለች።

ታሪኳን ቲክቶክ ላይ ብናወጣው ሌላውን አያስተምርም? ብርስ አይሰበሰብላትም?

ፊቷን አታውጡ። ዛሬ «እሺ» ያለችው ግራ ስለገባትና ብር ስለሚያስፈልጋት ሊሆን ይችላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስታገባ ግን ቪዲዮው እዚያው አለ፣ ደላላውም ያየዋል። ፊልም መሥራት የምትፈልጉም እንደዚያው። የመደፈር ትዕይንት ሳይታይ ታሪኩ ይገባናል። እውነተኛ ተጎጂ አምጥቶ ካሜራ ፊት ማስለቀስ ትወና አይደለም። ስክሪፕቱን አንብባ እዚህ ጋ አይሆንም ለማለት መብት ይኑራት፣ ይከፈላት፣ ስሟ አይጠቀስ።

የላከችውን ብር ወንድሟ ቤት ሠርቶበታል፣ ካርታውም በእሱ ስም ነው። ምን ትሁን?

ፊልም የማይነካው፣ ወሎ ውስጥ ግን በየቀበሌው ያለ ጉዳይ ነው። ዓመት ሙሉ ሐዋላ ስትልክ ቆይታ ስትመጣ ማደሪያ ታጣለች፣ «እህቴ መች ይህን ያህል ላክሽ» ይባላል። ደረሰኝና የሐዋላ መልእክት ካላት ታቅርብ። በሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚፈታው ይኸኛው ነው፣ አበጋሮችም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች) ሆኑ የሰፈር ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ድርሻ መለየት ያውቁበታል። ካልሆነ ፍትሐ ብሔር ክስ አለ።

ገና ለሚሄዱት ምክሬ አንድ ነው። ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ትክፈት፣ ለቤተሰብ የምትልከውንና ለራሷ የምታስቀምጠውን ትለይ። ውክልና የምትሰጥ ከሆነም ለአንድ የተወሰነ ጉዳይ እንጂ «ለሁሉም» አይሁን።

ደላላው ዘመዳችን ነው። በሽምግልና ብንጨርሰውስ?

ከባዱ ጥያቄ ይኸ ነው። ዝውውር የወንጀል ጉዳይ ነው። በአዋጅ 1178 ወንድ ላይ ሲፈጸም ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ሴት ወይም ልጅ ላይ ሲፈጸም ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሽማግሌ አስታርቆ «ይቅር ተባብለዋል» ቢል ዓቃቤ ሕግን አያስቆመውም። ችግሩ ግን በተግባር ያስቆመዋል። ምስክር ይጠፋል፣ ልጅቱ «ረስቼዋለሁ» ትላለች፣ መዝገቡ ይዘጋል። ደላላው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት ቡና ይጠጣል።

እርቅ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ወሎ በእርቅ ነው የኖረው። ሁለቱ ቤተሰብ እንዳይጋደል እርቅ ይደረግ፣ ብሩም ይመለስ። ግን «እንዳትመሰክሪ» የሚል ቃል እርቁ ውስጥ ከገባ ያ እርቅ ሳይሆን አፍ መዝጊያ ነው። ለምስክሮች ጥበቃ የሚያደርግ ሕግም አለ፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003፤ የምትፈሩ ከሆነ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አይታ «እንደገና እሄዳለሁ» ብትልስ?

ብዙዎቹ ይላሉ። አትጩኹባት። መጀመሪያ ዕዳው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቋት፣ ብዙ ጊዜ ልቧን የሚያሸሸው ዕዳውና የሰው ዓይን ነው እንጂ ዓረብ አገር ናፍቋት አይደለም። ዕዳው በዕቁብም በዘመድም ሊቀል ከቻለ ከመካሪ ሁሉ ያ ይበልጣል። መንግሥት ከ2006 እስከ 2010 ጉዞውን አግዶት ነበር፤ ሰው አልቀረም፣ ወደ ባሕሩ ነው የዞረው። ቤት ውስጥ የሚደረግ ክልከላም እንዲሁ ነው፣ ሌሊት ተነስታ ባቲ ላይ ትገኛለች።

18 ሞልቷት፣ ቆርጣ ከወሰነች በኮንትራት ይሁን። የውሉን ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቤት አስቀሩ፣ የፓስፖርቷንም። የአሠሪውን ስልክና አድራሻ፣ የሪያድ ኤምባሲንና የጅዳ ቆንስላን ቁጥር እሷም እናንተም ያዙ፤ እሷ ስልኳ ሊቀማ ስለሚችል ሁለቱን በቃሏ ትያዝ። የቤት ምልክትም ተስማሙ፦ «ላሚቱ ወለደች?» ካለች ችግር ላይ ነኝ፣ አጠገቤ ሰው አለ ማለት ይሁን። ይህን የሚያውቀው እናትና አንድ ወንድም ብቻ ይበቃል። ደላላው ዘመድ ከሆነ እሱ አይጨመርም።